ከምድር ቤት የጠፋው ሽጉጥ

ዶይል ክሬብስ የሞተው አሸዋ የተሞላ በርሜል አቅፎ ነው።

ሚስቱ ቨርና ከዓርቡ የጾም ዓሣ ግብዣ ስትመለስ ወደ ምድር ቤቱ ወርዳ አገኘችው። ጥይቱ አንገቱ ሥር ገብቷል። እኔ ስደርስ ገና አልመሸም። ቨርና ደረጃው ላይ ተቀምጣለች፤ ለእሱ በካርቶን ያመጣችለትን ዓሣ ጭኗ ላይ አድርጋ በሁለት እጇ ይዛዋለች።

«ይስጡኝ፣ እኔ ልያዝልዎ» አልኳት።

«ተወው። የእሱ ነው።»

ሎኒ ድሮዝድ እባላለሁ፤ የሃርጌት ከተማ ፖሊስ መርማሪ ነኝ። ከእኔ በኋላ የተቀጠሩት ሁሉ አለቃ ሲሆኑ እኔ መርማሪ ሆኜ ቀርቻለሁ። ምክንያቱን ከሌላ ሰው ብትሰሙት እየሳቀ ስለሚነግራችሁ እኔው ልንገራችሁ። አንድ ሌባ ስናሳድድ የባልደረባዬ ሽጉጥ ባረቀበትና ጭኔን መታኝ። ሌባው በድንጋጤ ቀጥ ብሎ ቆመ፣ ተያዘ። ሽልማቱን ለባልደረባዬ ሰጡት፣ ለእኔ ደግሞ ማነከሱን። ከዚያ ወዲህ ሽጉጥ ስይዝ መዳፌ በላብ ይርሳል። ሽጉጥ ሳይ እንደ አዲስ ሙሽራ ስለምሽኮረመም ጣቢያ ውስጥ «ሙሽሪት» ነው የሚሉኝ።

ስለዚህ ያንን ምድር ቤት በደስታ አልገባሁበትም። ንጹሕ ነው። የብረት መቅረጫው ቶርኖ ተወልውሏል፣ ሞረዶቹ በየመጠናቸው ተሰቅለዋል፣ ብረት ጠርቅሞ የሚይዘው ሞርሳ ላይ አንዲት ብናኝ የለችም። የብረት ፋብሪካው ከተዘጋ ወዲህ የእኛ ሸለቆ ወንዶች እንዲህ ናቸው። የሌላ አገር ጡረተኛ ቲማቲም ይተክላል፣ የእኛ ሽጉጥ ይሞርዳል። ለመሸጥ አይደለም፣ ለጠብም አይደለም፤ ወረቀት ላይ ቀዳዳ ለመብሳት ነው። የሽጉጡ መተኮሻ ምላጭ በእስትንፋስ የሚሳብ እስኪመስል ድረስ ክረምቱን ሙሉ ሲፍቁት ይከርማሉ። ከዚያ ጎረቤት ይጠሩና በርሜሉ አሸዋ ውስጥ ይተኩሳሉ፤ «እስቲ ሞክራት» ይባባላሉ። ሠርግ ነው ለእነሱ።

ቨርና ከደረጃው ላይ ሆና፣ «አዲሷ የለችም» አለች።

«የትኛዋ?»

«ሲሠራት የከረመው። ሞርሳው አጠገብ ጨርቅ ላይ ነበር የምትተኛው።» ድምጿን ዝቅ አደረገች፤ ሽጉጧ የምትሰማት ይመስል። «እሷን እንዳትነኪ ብሎኛል። አንድ ቀን በራሷ ባርቃበታለች። አስተካክዬያታለሁ አለ። ካስተካከልካት ለምን አልነካም? ብለው ወደ ሞረዱ ተመለሰ።»

«ለሌላ ሰው ነግሯል?»

«ዶይል? ተሳሳትኩ ከሚል ምላሱን ቢቆርጡት ይሻለዋል።»

እግሬ ጠዘጠዘኝ። በዚህች ከተማ ውስጥ አንድ ሰው በራሷ የምትባርቅ ሽጉጥ ይዞ ይዞራል ማለት ነው። ኪሱ ውስጥ፣ መሳቢያ ውስጥ፣ ወይ ትራስ ሥር። ገዳዩን መያዙ አንድ ነገር ነው። እሷ ሌላ ሰው ሳትበላ ማግኘቱ ግን ከዚያ ይቀድማል። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ እያንዳንዱን በር ሳንኳኳ ከወዲያ በኩል አፈሙዝ ነበር የሚታየኝ።

ከመውጣቴ በፊት አንድ ነገር ዓይኔ ገባ። የዶይል የጆሮ መሸፈኛ አንገቱ ላይ ተንጠልጥሏል፤ ጆሮው ላይ ግን አላደረገውም። ግድግዳው ላይ ሁለት ማንጠልጠያ አለ፤ ሁለቱም ባዶ ናቸው።

«እዚህ ምን ነበር?»

«ቢጫው መሸፈኛ። የእንግዳ ነው።»

አለቃዬ ካፒቴን ፍሊን መኪናው ውስጥ ሆኖ ነገሩን ፈርዶ ጨርሶታል። «ሌባ ነው» አለኝ። «ሽጉጡን ሲወስድ ዶይል ደረሰበት፣ ተኮሰ፣ ሮጠ። የቨርናን ወንድም ዱዌንን አምጣልኝ። ሁለቴ የታሰረ ሰው እያለ ሌላ ምን ትፈልጋለህ?»

«ሌባ የጆሮ መሸፈኛ ምን ያደርግለታል?»

«ብርድ ይሆናላ፣ ሙሽሪት።»

የዱዌን ተጎታች ቤት ወንዙ ዳር ነው። በሩን አንኳኳሁና ወደ ጎን ተሸሸግሁ።

«ዱዌን! እጅህን አሳየኝ!»

«የትኛውን? አንዱ ተሰፍቷል» አለ ከውስጥ።

እውነቱን ነበር፤ ግራ እጁ እስከ ክርኑ በፋሻ ተጠቅልሏል። አልጋው ሥር ግን በፎጣ የተሸፈነ ነገር አየሁ። መያዣ አለው፣ አፈሙዝ የመሰለ ነገርም አለው። 

«ግለጠው» አልኩት። እጁን ሲሰድ ደግሞ፣ «አትንካው!» ብዬ ጮኽኩ።

«አንዱን ምረጥ እንጂ ሰውዬ!»

«ወደ ኋላ ሂድ። ከዚህ ቤት ውጣ። ሂድ!»

እኔው ተንበርክኬ የፎጣውን ጫፍ በብዕር ገለጥኩት። በጀርባዬ ላብ ይወርዳል። መሰርሰሪያ ነበር። ገመዱ ሳይቀር አብሮት ተጠቅልሏል።

ዱዌን በር ላይ ሆኖ ያየኛል። «የዶይል ነው» አለ። «ባለፈው ሰሞን ሰረቅኩት። አማቼን ግን አልገደልኩም። አናድዶኛል፣ ሰድቦኛል፣ ቢሆንም በየገናው ካልሲ የሚሰጠኝ እሱ ብቻ ነበር።»

«ዓርብ ዕለት የት ነበርክ?»

«ክሊኒክ። የጎረቤቴ ውሻ በላኝ። ሲሰፉኝ እንደ ሕፃን ጮኼያለሁ፤ ሂድና ጠይቃቸው።»

ጠየቅኋቸው። ነርሷ ሳቀች። «ከመስፋቱ ይልቅ ጩኸቱ አደከመን» አለችኝ። ካፒቴኑ ግን ዱዌንን አልለቀቀውም፤ «መሰርሰሪያውም ወንጀል ነው» አለ። እኔ የቀረኝ ቢጫው መሸፈኛ ነው። የእንግዳን መሸፈኛ አድርጎ የወጣ ሰው ሊተኩስ ተጋብዞ የመጣ ሰው ነው። ገድሎ ሲሸሽ አንገቱ ላይ ምን እንዳለ እንኳ አላስታወሰም። ሌባ ሲሮጥ ቢያንስ ይዞት የሚሮጠውን ያውቃል። ይሄኛው ከራሱ ነበር የሚሸሸው።

በዚህች ከተማ ዶይል «እስቲ ሞክራት» ብሎ ሽጉጡን የሚሰጠው ሁለት ሰው ነው። አንዱ ኦሪን ፔል፣ ሌላው ሆሊስ ቲግ።

ኦሪን የሁሉም አስተማሪ ነው። ፋብሪካው ውስጥ የቶርኖ ክፍል ኃላፊ ነበር፤ ዶይልም ሞረድ አያያዝ የተማረው ከእሱ ነው። በሩን ለመክፈት ብዙ ቆየ። ሲከፍትም ግባ አላለኝም፣ የበሩን መቃን በእጁ ይዞ ቆመ።

«የድሮዝድ ልጅ» አለ። «አባትህ ብየዳ ያውቅ ነበር።»

«አመሰግናለሁ።»

«ላንተ አይደለም ያልኩት።»

ዋጥኩት። እንዲህ ያለውን መዋጥ ለምጃለሁ። «አዝናለሁ ለጓደኛዎ። ዓርብ የት ነበሩ?»

«ዓርብ የት እሆናለሁ? እሳት አደጋ አዳራሽ፣ መጥበሻው ላይ ነዋ።»

ይኼ በእኛ ከተማ መልስ ብቻ አይደለም፣ መሐላ ነው። በጾም ዓርቦች የእሳት አደጋ በጎ ፈቃደኞች ዓሣ ይጠብሳሉ፤ ዓሣውን የሚጠብሰውም ኦሪን ነው። ልጅ ሆኜም እሱ ነበር። ፀሐይ በምሥራቅ ወጣች እንዳለኝ ቆጥሬ ልሄድ ዞርኩ።

«ልጄ» አለ ከኋላዬ። «ሰው ነው የገደለው ወይስ ሽጉጡ?»

ቨርና ስለ ሽጉጧ የነገረችኝን ለማንም እንዳንናገር ታዘናል። «ሽጉጥ ብቻውን ሰው አይገድልም፣ አቶ ኦሪን» አልኩት።

«አይገድልም አይደል?» አለ። ፊቱ አመድ መሰለ። በሩን ቀስ ብሎ ዘጋው። ሽማግሌ ነው፣ ጓደኛው ሞቶበታል ብዬ አለፍኩ።

ሆሊስ ቲግን ያገኘሁት ከከተማው ውጭ ባለው የተኩስ ክበብ ነው። የክበቡ ሊቀመንበር ነው። አባል ልሁን ብዬ ሳመለክት፣ «እግርህ መቆሚያ አይሆንህም» ብሎ በሰው ፊት የመለሰኝ እሱ ነው። በዚያ ላይ ከዶይል ጋር በምላጭ ነገር ተጣልቷል፤ ዶይል «የእኔ ምላጭ ከአንተ ይቀላል» ብሎ በክበቡ መሐል አሳፍሮታል። እሱ ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር፤ አልዋሽም።

ስደርስ አንድ እጁ በፋሻ ተጠቅልሏል፣ በሌላው ሽጉጥ ይዟል። የላይኛው ብረት ወደ ኋላ ተከፍቶ ቆሟል። ካዝናውን ሽቅብ ገፋ አደረገና ሊያቀባብል ሲል ጣቱን አየሁት። ምላጩን ስቦ ይዞታል።

አግዳሚ ወንበሩ ሥር ገባሁ።

ብረቱ ቀጭ ብሎ ተዘጋ። ምንም የለም። ከላዬ ሳቅ ሰማሁ።

«ሙሽሪት፣ ምን ጠፍቶብህ ነው?»

«ምላጩን ስበኸዋል!» አልኩ ከመሬት ሳልነሣ። «ስበህ ነው ያቀባበልከው!»

«ታዲያስ። እንዲህ የተሞረደ ምላጭ ውስጡ ያለው ጠርዝ እንደ ጢም መላጫ ስስ ነው። ብረቱ በኃይል ሲዘጋ ጠርዙ እንዳይሸረፍ ስበን እንይዘዋለን። ጣትህን ለቀህ እንደገና እስክትስብ አይተኩስም። ለዚያ የምትቆም አንዲት ቁራጭ ብረት አለች።»

«ቁራጯ በደንብ ያልገጠመች እንደሆነስ?»

«ያኔማ እንደተዘጋ ይባርቃል።» ሳቁን አቆመ። «ግን እሷን አበላሽቶ የሚገጥም ማን አለ?»

«እንዲህ የሚያቀባብለው ማን ማን ነው?»

«ከኦሪን የተማርን ሁላችን። ሌላው ዓለም ሲያየን ያብዳል። እናንተ ፖሊሶች ወንበር ሥር ትገባላችሁ።»

ተነሥቼ ጉልበቴን አራገፍኩ።  «እጅህን ምን ሆነህ ነው?»

«ዓርብ ዕለት ዘይት ፈንጥቆብኝ። መጥበሻው ላይ እኔን አቁመውኝ!»

«መጥበሻው የኦሪን አይደለም እንዴ?»

«አልመጣም ሲሉኝ ነው እኮ የገባሁት። ዕድሜዬን በሙሉ ዓሣ ጠብሼ አላውቅም።»

አዳራሹ ውስጥ ወይዘሮ ስቴላ ለሚመጣው ዓርብ ጎመን ትከትፋለች። የወጥ ቤቱ አዛዥ እሷ ናት።

«ያን ቀን ዓሣ አትበል፣ የኔ ጌታ፣ ከሰል በል» አለችኝ። «ቄሱ እንኳ ሲበላ ፊቱን አዞረ።»

«ኦሪን ጭራሽ አልመጣም?»

«ጭራሽ። ቨርናም ጠይቃኝ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልነገራችሁንም?»

ቢላዋዋን አቆመች። «መቼ ጠየቃችሁን?»

መኪናዬ ውስጥ ገብቼ ለካፒቴኑ ደወልኩ። «ኦሪን ነው» አልኩት። «ግድያ ግን አይመስለኝም። ተጋብዞ ሄዷል። ዶይል በርሜሉ ላይ አዲስ የዒላማ ካርቶን ሲያስቀምጥ ሽማግሌው እንደ ልማዱ ምላጩን ስቦ አቀባበለ። ባረቀችበት።»

«ባለህበት ጠብቅ። ሰው እልካለሁ። ጥይት የማይበሳው ልብስ የለበሱ።»

«እነሱን ሲያይ ያቀባብላታል! አልገባህም? እሷን ማቀባበል ማለት መተኮስ ነው።»

«ጠብቅ አልኩህ እኮ።»

አልጠበቅኩም። ጀግንነት አድርጋችሁ እንዳትወስዱት።  የብረት ቆብ ያደረጉ ሰዎች በሩን ሲደበድቡ፣ እሱ ደግሞ ደንግጦ ያቺን ነገር ሲያነሣ እየታየኝ መቀመጥ ይብስብኝ ነበር። ቅድም «ብቻውን አይገድልም» ያልኩትም ጆሮዬ ውስጥ ይጮኻል።

በሩ አልተቆለፈም። ጠራሁት፣ አልመለሰም። ከታች መብራት ይታያል። ወደ ምድር ቤቱ ስወርድ ደረጃው ሲጮህ በእያንዳንዱ ጩኸት ቀጥ እያልኩ ነበር።

ኦሪን ሞርሳው አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጧል። ቢጫው መሸፈኛ ጠረጴዛው ላይ ነው። ሽጉጧን ወደ ራሱ አዙሮ አፈሙዟን ደረቱ ላይ አስደግፏታል። የላይኛው ብረት ተከፍቷል፣ ካዝናው ገብቷል፤ የመጀመሪያዋ ጥይት ናስ በጠረጴዛው መብራት ያበራል። በአውራ ጣቱ ምላጩን ተጭኖ ይዟል። የሌላው እጁ ጣት ብረቱን የምትለቀው ቁልፍ ላይ ነው።

«አትቅረብ» አለ።

«አልቀረብኩም።»

«ጣቴ ናት ወይስ ብረቷ? ይኼን ብቻ ነው የምፈልገው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሳስበው ነው የምውለው። ስቤ ይዤው ነበር። ይመስለኛል። ሸርተት ብሎ እንደገና ስቤው ቢሆንስ? ሽማግሌ ነኝ፣ ጣቴ ይንቀጠቀጣል። አሁን አልለቀውም። ብረቷ ከባረቀች እኔ አልገደልኩትም። ዝም ካለች ይዘኸኝ ሂድ።»

«ከባረቀችማ ይሞታሉ!»

«ንጹሕ ሆኜ።»

«እዚያ ወዲያ ያለው የአሸዋ በርሜል ላይ ይሞክሯት እንጂ! ለምን ደረትዎ ላይ አስደገፏት?»

«በካርቶን ላይማ ማን ይፈርዳል?» አለ። «ዶይል ነው ከፊቷ የነበረው። ፊቷ ያለው ወረቀት ከሆነ እጄ ተንሸራትታ ታታልለኛለች፣ እኔም ይቅር እላታለሁ። እዚህ ላይ ግን አታታልለኝም።»

አንድ እርምጃ ሄድኩ። ያን እርምጃ እግሬ ሳይሆን ሌላ ሰው የሄደው ይመስለኛል። «አቶ ኦሪን፣ ይስሙኝ። ጥፋቱ የሽጉጧ ነው። ከዚህ በፊት በራሷ ባርቃለች። ዶይል ለቨርና ነግሯታል፣ እንዳትነኪ ብሏታል።»

«ሽጉጥ ብቻውን አይገድልም ያልከኝ አንተ ነህ።»

«የያዝኩትን እንዳልናገር ታዝዤ ነው!»

«አሁን ደግሞ እንድተርፍ ትዋሻለህ። ዶይል ቢያውቅ ይነግረኝ ነበር። ሞረድ ያስያዝኩት እኔ ነኝ። የተበላሸች ነገር እጄ ላይ አስቀምጦ ከፊቷ ይቆማል? ዶይል?»

«አስተካክዬያታለሁ ብሎ አስቦ ነው። ተሳሳትኩ ማለት አሳፈረው። እርስዎን፣ በተለይ እርስዎን!»

ጣቱ ከቁልፏ ላይ ላላ አለች። ያመነኝ መሰለኝ። ከዚያ ራሱን ነቀነቀ፣ «አይ፣ ይነግረኝ ነበር» አለ፤ ጣቱም ቁልፏን ተጫነች።

ተወረወርኩ። አፈሙዟን ጨብጬ ወደ ጎን ስገፋና ብረቱ ሲዘጋ አንድ ሆነ።

ባረቀች።

ምድር ቤቱ ሁሉ ነጭ ሆነ። መዳፌ ተቃጠለ። ጥይቷ የግድግዳውን ጡብ በጥሳ አቧራ አነሣች፤ ከዚያ በኋላ ዓለም ዝም አለ። ጆሮዬ ውስጥ ረጅም ፉጨት ብቻ ቀረ። በድንጋጤ ወደ ደረቱ አየሁ፤ ሸሚዙ ንጹሕ ነው። አውራ ጣቱ አሁንም ምላጩን እንደተጫነች ናት፤ አልተነሣችም፣ አልሸረተተችም። እሱም የሚያያት እሷን ነው። ሽጉጧን ከእጁ ስወስዳት አልተከላከለም፤ ካዝናዋን አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አራቅኳት።

ተገላገለ ብዬ ጠበቅኩ። ንጹሕ መሆኑን አይቷል፤ በሕይወትም አለ። እሱ ግን ቀና ብሎ አየኝና ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። አልሰማሁትም። ደገመው። ከከንፈሩ አነበብኩት፦ «ያውቅ ነበር?»

ሌላ ሰው ቢሆን አያውቅም ብሎ ራሱን ይነቀንቅለት ነበር። እኔ ግን ለራስህ ጥቅም ነው እየተባልኩ ስንት ነገር ተደብቆብኛል፤ አልቻልኩም። አንገቴን ዝቅ አድርጌ አዎ አልኩት።

ጓደኛዬን ገድዬ ይሆናል እያለ ያላለቀሰው ሰው ጓደኛው እንደደበቀው ሲያውቅ ተንሰቀሰቀ። ድምፁ አይሰማኝም፤ ትከሻው ሲናጥ ብቻ ነው የማየው። ያልተቃጠለውን እጄን ትከሻው ላይ አደረግኩለት። ብናገርም የእሱም ጆሮ ገና አይሰማም ነበር።